ሜኑ ላይ የሌለው ምሳ

አርባ ምንጭ ላይ ምሳ ሰዓት ደርሶ ምግብ ቤት የገባ መንገደኛ የሚቀርብለት ሜኑ ባሕር ዳር፣ አዳማ ወይም ጅማ ላይ ካየው እምብዛም አይለይም። ጥብስ፣ ቅቅል፣ ተጋቢኖ፣ ፓስታ በሥጎ፣ ሩዝ በአትክልት፣ ከታች ደግሞ በየከተማው ፊደሉ ተሳስቶ የሚጻፈው ክለብ ሳንድዊች። ሐይቁ ቅርብ ስለሆነ የዓሣ ኮተሌትና የዓሣ ጉላሽ ተጨምረውበታል፤ ወረቀቱን የአርባ ምንጭ የሚያደርገው እሱ ብቻ ነው። ከበረንዳው ቀና ሲሉ የጋሞ ተራሮች ይታያሉ። እዚያ ላይ በየቤቱ ጠዋትና ማታ የሚበላው ግን ሜኑው ላይ የለም።

የምግብ ቤቷን ባለቤት ቆጮ እንዳላት ጠየቅኋት። ሳቀች።

«ቆጮ እኔም ቤቴ ነው የምበላው። እዚህ ማን ያዝዘኛል? የአዲስ አበባ ሰው ከመኪና ሳይወርድ ጥብስ ይላል፣ ፈረንጁ ፓስታ ይላል። ሠርቼ ሲያድርብኝ ማን ይገዛኛል?»

ሴትየዋ ልክ ነች። የመንገድ ዳር ምግብ ቤት የሚያበስለው ለአላፊ አግዳሚ ነው፤ አላፊ አግዳሚ ደግሞ ደክሞት፣ አቧራ ጠጥቶ፣ ሆዱን እንዳያመው ፈርቶ ስለሚገባ የሚያውቀውን ይጠራል። እንዲህ እንዲህ እያለ ከሞያሌ እስከ መቀሌ አንድ ዓይነት ምሳ ተዘረጋ። አገር አይተን መጣን የምንል ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ያየነው መልክዓ ምድሩን ነው፤ የበላነው ከሰፈራችን ይዘን የሄድነውን ነው።

እኔ ከዚህ ጉዞ የያዝኩት ሐሳብ ቀላል ነው። የአገሬው ምግብ ተደብቆ አይደለም የማናገኘው። የሚሠራው ሌላ ቦታ፣ በሌላ ሰዓትና ከእኛ ትዕግሥት በረዘመ ጊዜ ስለሆነ ነው። እንሰት ለዚህ ከሁሉ የተሻለ ምስክር ነው።

*

አርባ ምንጭ ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ ሙዝና ማንጎ የሚያበቅል ሙቀት። ወደ ጨንቻ የሚያወጣው ጠመዝማዛ መንገድ ሲጀመር መስኮት ተከፍቶ ነበር፣ ዶርዜ ስንደርስ ሁላችንም ጃኬት ለብሰናል። ከፍታው ከ2,500 ሜትር አልፏል። ሙዙ ቀርቷል፤ ቀርከሃ፣ ገብስ፣ የአፕል ዛፍ፣ በየአጥሩ ውስጥ ደግሞ ሰፋፊ ቅጠሉን የዘረጋ እንሰት። ዝሆን የሚመስሉትን ከቀርከሃ የተሠሩ ቤቶች በፎቶ ያላየ ስለሌለ አልዘረዝራቸውም።

ሾፌራችን የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ጥሩ ሰው፣ ጥሩ ሾፌር፣ በምግብ ግን ወግ አጥባቂ። እንሰቱን አይቶ «ኮባ ነው እንዴ ይሄ ሁሉ?» አለ። አልተሳሳተም። ድፎ ዳቦ ሲጋገር ሊጡን የምንጠቀልልበት ቅጠል የዚሁ ተክል ነው። ሰሜኑ ቅጠሉን ለዳቦ ይቆርጣል፣ ደቡቡ ግንዱንና ሥሩን ይበላል።

ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጎንደር የደረሰው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ውስጥ የእንሰትን ሥዕል አስገብቷል። ተክሉ ጎንደር ላይ በደንብ እንደሚበቅል፣ ከዓባይ በስተምዕራብ ባለችው ማይጻ ደግሞ የነዋሪው ዋና ምግብ እንደሆነ ጽፏል። ስለዚህ «እንሰት የደቡብ ነው» የምንለው ነገር የቆየ እውነት አይደለም። ከሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት ገደማ በፊት ጎንደሬው ለእንሰት ከእኔና ከሾፌሬ የቀረበ ሰው ነበር።

*

ሐሙስ የዶርዜ ገበያ ነው። ቆጮ ሻጮቹ በአንድ ወገን ተደርድረው ተቀምጠዋል፣ ሸቀጡ በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ በቃጫ ታስሯል። ሽታው ቀድሞ ይመጣል። ለማያውቀው ይከብዳል፤ የኮመጠጠ፣ ትንሽ አይብ አይብ የሚል፣ አፍንጫ ውስጥ የሚቆይ። ሾፌራችን ወደ አፕል ሻጮቹ ዞር አለ።

አንዲት ገዢ መጥታ ቁጢጥ አለች። ቅጠሉን በጣቷ ገለጥ አድርጋ ቆንጠር አወጣችና በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መካከል ፈተገችው። ቃጫው ብዙ መሆኑን፣ ውኃው መጭመቁን፣ ነጣ ማለቱን እያየች ነው። አሸተተች። ከዚያ ምንም ሳትል ጥላው ወደሚቀጥለው አለፈች። ሻጯም አልተቀየመችም። አራተኛው ላይ ቆማ ዋጋ መነጋገር ጀመሩ። ጤፍ ተራ ላይ እናቴ እፍኝ ጤፍ ዘርግታ እፍ ስትል የነበራት ፊት ነው ያየሁት። እኔ «የሚሸት ነገር» ብዬ በአንድ ስም የጠራሁትን እነሱ በደረጃ ይለዩታል።

በማግስቱ አርባ ምንጭ የሚማር አንድ ወጣት፣ አክስቱ እንሰት ስለምትፍቅ እንድንመጣ ጋበዘን። ግቢው ከቤቱ ጀርባ ነው። እንሰቱ በዕድሜ ተደርድሯል፤ ከቤቱ አጠገብ ጉልበት የማይደርሱ ችግኞች፣ ወደ አጥሩ ሲኬድ ከቤቱ ጣሪያ ጋር የሚፎካከሩ። አንድ እንሰት ለቆረጣ የሚደርሰው እንደ ዝርያውና እንደ አየሩ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ነው። በመካከሉ ተነቅሎ እየሰፋ በሚሄድ ቦታ ደጋግሞ ይተከላል። አበባ የሚያወጣው አንዴ ነው፤ ከዚያ ይሞታል። ባለሙያ ቤት የሚቆርጠው አበባው ብቅ ሲል ነው፣ ያኔ ነው ዱቄቱ የሚበዛው።

ሴትየዋ የተነጠፈ ቅጠል ላይ ተቀምጣለች። አንድ ጣውላ እንሰቱ ግንድ ላይ አጋድማ አስደግፋለች። ግንዱ እንደ ሽንኩርት ንብርብር ነው፤ አንዱን ሽፋን ልጣ ጣውላው ላይ ትዘረጋለች፣ የላይኛውን ጫፍ በአንድ እግሯ ተረከዝ ትይዘዋለች፣ ከዚያ በሁለት እጇ በያዘችው የተሳለ ቀርከሃ ከላይ ወደ ታች ትፍቃለች። ነጩ ነገር ከነውኃው ቅጠሉ ላይ ይወርዳል፤ እጇ ላይ የሚቀረው ረጅም ቃጫ ነው። ቃጫው ደርቆ ይሸጣል፣ ገመድ ይሆናል። ልጣጩ ለከብት ይሄዳል።

«ነይ ሞክሪ» አለችኝ። ተቀመጥኩ። እግሬን ወደ ላይ ሰቅዬ በሁለት እጅ ወደ ታች መግፋቱ ወገብ ይቆርጣል። ጎረቤቶቿ ሳቁ፤ የፋቅሁትንም መልሳ ፋቀችው። ይህን ሥራ የምትሠራው ሴት ናት፣ ብዙ ጊዜም ጎረቤት ከጎረቤት እየተጋገዘ። ወንዶቹ ይተክላሉ፣ ይቆፍራሉ፣ ፍቂያው ላይ ግን የሉም። የእህቷ ልጅም ከአጥሩ ጋ ቆሞ ነበር የሚያስተረጉምልኝ።

ሥሩ ለብቻው ይከተከታል፤ ከተፋቀው ጋር ይደባለቅና ቅጠል በተነጠፈበት ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፣ ቅጠል ይለብሳል፣ ድንጋይ ይጫንበታል። ከዚህ በኋላ ሥራው የብላት ነው። ሞቅ ባለ አገር በሳምንታት ይደርሳል፣ ደጋ ላይ ወራት ይፈጃል። በየጊዜው ተከፍቶ ይገለበጣል፣ ቅጠሉ ይቀየራል። በደንብ የተያዘ ጉድጓድ ለዓመታት ይቆያል። ከሚጨመቀው ውኃ ሥር የሚዘቅጠው ነጭ ደግሞ ቡላ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ በላስቲክ ታሽጎ ለአራስ ገንፎ የምንገዛው። ጊዜ ለሌለው ሰው ሥሩ እንደተቆፈረ ተቀቅሎ አሚቾ ይባላል፤ ድንች ለለመደ አፍ ከሁሉ የሚቀለው እሱ ነው።

እንግዲህ የምግብ ቤቷ ባለቤት ሜኑ ላይ ያልጻፈችውን ነገር አስቡት። አምስት ዓመት የቆመ ተክል፣ የአንድ ቀን ሙሉ የሴቶች ጉልበት፣ ከዚያ የወራት ጥበቃ። ይህን ሁሉ ይዛ «ጥብስ አለ?» ለሚል ሰው ታቅርብ?

*

የበላነው ቤት ውስጥ ነው። ቆጮው ከጉድጓድ የወጣ የበሰለ ነበር። መጀመሪያ በጨርቅ ተጨመቀ፤ ከዚያ እንጨት ላይ ተዘርግቶ በስለት ቃጫው እስኪያጥር ድረስ ደጋግሞ ተከተፈ። ሊጥ ሆነ፣ በእንሰት ቅጠል መሐል ሳሳ ብሎ ተጠፈጠፈ፣ ከነቅጠሉ ምጣድ ላይ ወጣ። ቅጠሉ ሲጠቁር ተገለበጠ። ቂጣው ሲወጣ ገበያ ላይ ያባረረን ሽታ አብሮ አልወጣም፤ እሳቱ አብዛኛውን ወስዶታል።

ከጎኑ ሁለት ነገር መጣ። አንዱ ዳጣ ነው፤ ቃሪያው፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ በሶብላው፣ ኮረሪማው ድንጋይ ላይ አብሮ የተፈጨ። ሌላው ማር። ቂጣው ሲታኘክ ይጎተታል፣ መሐሉ እርጥብ ነው፣ ጠርዙ ይንኮሻኮሻል። ጎምዘዝ ያለ ነው፣ ግን የእንጀራ ጉምዛዜ አይደለም። በዳጣ ሲበላ ላብ ያወጣል፤ በማር ሲበላ ሌላ ምግብ ይሆናል። እኔ ለማሩ አደላሁ። ሴትየዋ ግን ማሩ የእንግዳ ነገር እንደሆነ ነገረችኝ። እነሱ በአዘቦት ቀን የሚበሉት በጎመን ነው፣ አይብ ካለ በአይብ።

ቀኑ ዓርብ ነበር። ሾፌራችን ጿሚ ነው፣ ቤቱ ደግሞ ጴንጤ፤ ቅቤና አይብ ሊያመጡ ሲሉ ተሽቀዳድሞ «ይቅር እናቴ» አለ። በደቡብ መንገድ ላይ ይህ በተደጋጋሚ ያጋጥማል። ረቡዕና ዓርብ ምግብ ቤት ሁሉ «የጾም አለ» ብሎ የሚጠብቅ የአዲስ አበባ ሰው የጋሞና የወላይታ ገጠር ላይ ሥጋና ወተት ሲቀርብለት ግራ ይገባዋል። እንሰት ግን ራሱ የጾም ነው፤ ሾፌሩ ሦስት ቂጣ በላ። ያውም በዳጣ።

*

እንሰት የዱር ዝርያው በምሥራቅና በደቡብ አፍሪካ በብዙ አገር ይበቅላል፤ አላምዶ ምግብ ያደረገው ግን ኢትዮጵያ ብቻ ነች። 20 ሚሊዮን ያህል ሰው ኑሮው በእሱ ላይ እንደተመሠረተ ይገመታል። ጠባብ ቦታ ላይ ብዙ ምግብ ይሰጣል፣ ድርቅ ሲመጣ ቆሞ ይጠብቃል፣ ደግሞም ወቅት የለውም፤ ሲፈለግ ይቆረጣል። የእንግሊዙ የኪው የእጽዋት ተቋም ሳይንቲስቶች ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2022 ባሳተሙት ጥናት፣ ተክሉ በኢትዮጵያና በአጎራባች አገሮች ቢስፋፋ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሰው ሊመግብ እንደሚችል አስልተዋል። ጠላቱ አጠውላጊ ባክቴሪያ ነው፤ ኢትዮጵያ ውስጥ እንሰት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በሳይንስ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1968 ሲሆን ዛሬም መድኃኒት የለውም። የታመመውን ነቅሎ መቅበርና ስለቱን በእሳት ማጽዳት ነው ያለው።

አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የመፋቂያና የመጭመቂያ መሣሪያ፣ ብላቱን የሚያፋጥን እርሾም የሠሩ ተመራማሪዎች አሉ። ስለ መሣሪያው ለዶርዜዋ ሴት ስነግራት የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው፤ ዋጋውን።

ይህ ሁሉ እያለ እኛ አዲስ አበቤዎች እንሰትን የምናውቀው በክትፎ ቤት ነው፤ ከክትፎው አጠገብ በቀጭኑ ተቆራርጦ፣ ደርቆ፣ አጃቢ ሆኖ። ጉራጌ ቤት ግን ክትፎ የመስቀል፣ ቆጮ የዓመቱ ሁሉ ነው። ሲዳማ ላይ ደግሞ ከነጭራሹ ሌላ ምግብ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ በማይዳሰስ ቅርስነት የተመዘገበው የፍቼ ጨምበላላ በዓል ማዕድ ቡርሳሜ ነው፤ ከእንሰት፣ ከቅቤና ከወተት የሚሠራ። እጅን በቅቤ አስጠግቦ የሚበላ፣ ከጎረቤት ጋር ካልሆነ ደስ የማይል። ሽሮ ሜዳ የጋሞ ሸማኔ የሠራውን ጥበብ ለብሰን ለፋሲካ እንወጣለን፤ ሸማኔው ቤቱ የሚበላውን ግን ጠይቀን አናውቅም። እንጀራ ያልሆነ ሁሉ ምግብ የማይመስለው ዓይናችን ነው ትልቁ እንቅፋት፤ መንገዱና ሜኑው ከዚያ በኋላ ይመጣሉ።

በሌላ አቅጣጫ ብንሄድም ነገሩ ያው ነው። ዓዲግራት ዙሪያ ያለ ሰው ጥህሎን፣ ከተቆላ የገብስ ዱቄት የሚድቦለቦለውን፣ በባለ ሁለት ጣት ሹል እንጨት እየወጋ ቀይ ወጥ ውስጥ ይነክረዋል። ወለጋ ላይ አንጮቴ ከመሬት ተቆፍሮ፣ ተቀቅሎ፣ ተልጦ በቅቤ ይቀርባል፤ ለአራስና አጥንቱ ለተሰበረ ሰው ቀድሞ የሚታሰበው እሱ ነው፣ ለመስቀልም አይቀርም። ሁለቱንም በየትኛውም ቀን ማንኛውም ምግብ ቤት ገብቶ አገኛለሁ ያለ ሰው ሊያዝን ይችላል። የገበያ ቀን መጠየቅ፣ በዓሉን ማወቅ፣ «ምን አለ?» ከማለት «ቤታችሁ ዛሬ ምን ተሠራ?» ማለት የበለጠ ይጠቅማል። ደግሞ የተጋበዙበት ቤት በባዶ እጅ አለመግባት ነው፤ ስኳርና ቡና ይበቃል። ለምግቡ ብር መዘርጋት አንዳንድ ቤት ያስቀይማል።

*

ከአርባ ምንጭ ወደ ደቡብ ሲወርዱ እንሰቱ ይቀራል። ጊዶሌ አካባቢ ደራሼዎች ዘንድ ፓርሾት አለ፤ ከማሽላና ከበቆሎ፣ ቅጠል ተጨምሮበት የሚጠመቅ ወፍራም መጠጥ። መጠጥ ያልኩት ቃል አጥቼ ነው። ለደራሼ ገበሬ ፓርሾት ቁርሱም ምሳውም ነው፣ ቀኑን ሙሉ እሱን እየጠጣ ያርሳል። ከጎኑ ሌላ ምግብ የሚጠብቅ እንግዳ ሲጠብቅ ይውላል።

ኮንሶ ላይ ደግሞ የሁሉ ነገር መሠረት የሽፈራው ዛፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የዓለም ቅርስ በሆኑት የድንጋይ እርከኖች ላይ፣ በየቤቱ ደጃፍም ቆሟል። ዝናብ ሲጠፋና ሌላው ሲደርቅ ቅጠሉን አይጥልም፤ ስለዚህ በጋ ከክረምት ጎመን አይጠፋም። ከማሽላ ዱቄት የተድቦለቦሉ ኳሶች ከቅጠሉ ጋር አብረው ተቀቅለው ኩርኩፋ ይሆናሉ። ቅጠሉ ትንሽ ይመራል፣ ኳሱ ይከብዳል፣ ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ እስከ ማታ አያስርቡም። ከላዩ በፍል ውኃ የተበጠበጠ ሞቅ ያለ ጨቃ የሚባል የእህል መጠጥ በቅል ይጠጣበታል። እኔ ኩርኩፋውን ከቆጮው አስበልጬ አልወደድኩትም፤ ጨው ያንሰው ነበር። ጨቃውን ግን ደገምኩ።

አዲስ አበባ ላይ ሽፈራው መድኃኒት ነው። በትንሽ ላስቲክ ታሽጎ፣ ለደም ግፊትና ለስኳር ይሆናል ተብሎ በሱፐርማርኬት መደርደሪያ ላይ ይሸጣል። ሾፌራችን እናቱ ግፊት አለባቸው። ገበያ ውስጥ አንዲት ሴት ፊት ለፊት ቆሞ የኪሎውን ዋጋ ጠየቀ።

«ኪሎ?» አለች ሴትየዋ። ከፊቷ ያለውን እስር ቅርንጫፍ አየች፣ እሱን አየች። «ስንት ሰው ልታበላ ነው?»

«ለእናቴ ነው፣ ለመድኃኒት።»

አጠገቧ ላሉት በኮንሶኛ ነገረቻቸው፤ ተያይዘው ሳቁ። ከዚያ አንዷ ሳቋን ዋጥ አድርጋ በአማርኛ ጠየቀችው፤ «አዲስ አበባ ጎመን ሲበላ የሚታመም ሰው አለ እንዴ?» ሾፌሩ መልስ ከማሰብ ይልቅ መከራከር ጀመረ፣ በሱፐርማርኬቱ ሒሳብ ተነስቶ ዋጋ ሊያስቀንስ። እሷ የጠራችው ግን እሱ ከጀመረበት በብዙ ያነሰ ነበር። ሦስት እስር ገዛ።